ያልተሰፋው ቀሚስ

በመኪና ግርግር፣ ከፈረስ መጋላ ዳር፣
ሠላሳ አንድ ዓመቴ እግሬ ከፔዳል ጋር፤
ልብስ ሰፊ ነኝ፤ አብዶሽ ነው ስሜ ቢጠየቅ፣
ትምህርቴ ከመርፌ ጫፍ አይሰፋም፤ ግን አያልቅ።

ሐሙስ ዕለት መጣች፣ ከባቢሌ ወጥታ፣
የኦቾሎኒ ሽያጯን ከመቀነቷ ፈትታ፣
ከጊዲር መጋላ ሦስት ሜትር ተኩል ገዝታ።
ጨርቁ የሰማይ መልክ፣ ጠርዙ ላይ ነጭ ዘሃ፤
ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው፣ እንደ ረጋ ውሃ።

"ሁለት ሴቶች አሉኝ፤ ኢፍቱ ናት ታላቋ፣
ሳይገባ ረመዳን ተቆርጧል ኒካዋ።
ሚልኪ ደግሞ አለች፣ ዘንድሮ ተማሪ፣
ያለ ዩኒፎርም በር ላይ ናት ቀሪ።
ሰማያዊ የመረጥኩት ለሁለቱም እንዲሆን፤
ከዚችው ሁለት አውጣልኝ፤ ሙያህን እንየው አሁን።"

ለካሁ።
አዙሬ ለካሁ።
በሳሙና ስባሪ አሰመርኩ፣ አጠፋሁ፤
ዘርፉን ወዲህ ስቤ፣ ወገቡን ወዲያ ገፋሁ።
ጨርቅ እንደ ዱቤ አይደለም፣ በልመና አይለጠጥም፤
ሦስት ሜትር ተኩል ከሦስት ሜትር ተኩል አይበልጥም።

"ሸምሲያ" አልኳት (ስሟን ነግራኝ ነበር)፣
"ሁለቱ አይወጡም። አንደኛው ይቅር።"

ዝም አለች። ከጎረቤት ሱቅ የከሰል ካውያ ሸተተ፤
ባጃጅ ካህያ ጋር ስለ መንገዱ ተሟገተ።
እኔም ዝም አልኩ፤ ሲመርጥ ሰው አያቻኩሉም፤
በሌላው ሚዛን ላይ ጣት አያስቀምጡም።

አንድ የሐረማያ ተማሪ፣ ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ፣
ሄደ አንድ ቀን ደብተሩን እዚህ ረስቶ።
ገለጥኩት፦ "ፍላጎት አያልቅም፤ ሀብት ግን ያልቃል።"
ሳቅኩኝ። ይሄንንማ መቀሴም ያውቃል።
ከሥሩ ግን አንድ መስመር፣ በቀይ የተሰመረ፣
"ዋጋው የተውከው ነው" ይላል። እሱ ከኔ ጋር አደረ።

ያኔ፣ ሃያ ሳልሞላ፣ የቋጠርኩት ብር ነበረኝ፤
ወይ ይህችን መኪና፣ ወይ ባቡር፣ ከድሬ ተነስቶ የሚያሳፍረኝ።
መኪናዋን ገዛሁ።
አልከፋኝም፤ ልጆቼን አሳድጋለች፤
ግን ሌሊት፣ ፔዳሏ ሲፈጥን፣ እንደ ሐዲድ ታወራለች፦
ደወሌ፣ ደወሌ፣ ደወሌ፣
እያለች የጣቢያ ስም ትጠራለች።

"ለሚልኪ ቁረጠው" አለች ሸምሲያ፣ ድምጿ ሳይሰበር።
መቀሱን ስከፍት ግን እጇ እጄ ላይ ነበር፤
ቆየ።
ከዚያ ለቀቀችኝ። ምክንያቷን አልጠየቅኋትም፤
ከፍሎ የሚሄድ ሰው ደረሰኝ አይሰጥም።

ሳላያት ነው እንጂ ኢፍቱ በሩ ላይ ነበረች፤
ጨርቁ እንዳይንሸራተት፣ መጥታ ጫፉን ይዛ ቆመች።
"አሥር ጊዜ ለክተህ አንዴ ቁረጥ" የሚሉት፣
አልነገሩኝም አንዷ ስንት እንደምትከብድ ሲቆርጧት።

"ከተረፈው" አልኩ "ሻሽ ይወጣል ለሙሽራዋ።"
"ቢሸጥ ደብተርም ይወጣል" አለች እናትዋ።

ሊወጡ ሲሉ ኢፍቱ ወደ ኋላ ቀረች፤
እኔን ሳይሆን መሬቱን እያየች ጠየቀች፦
"ያ ቀሚስ… ቢሰፋ ኖሮ፣
እጅጌው አጭር ነበር ወይስ ረጅም?"

ቶሎ አልመለስኩላትም።
ሜትሬን ካንገቴ አወረድኩ፤ ክንዷን ዘረጋችልኝ፤
ከትከሻዋ ጀምሬ፣ እስከ አንጓዋ፣ ቀስ ብዬ፣
ለካሁ።